የማይካፈለው ቁጥርና ባሕረ ሐሳብ

አንድ ሳንቲም ይዘን እንነሣ። ሳንቲሟ ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ አራት፣ በማግሥቱም ስምንት ትሁን፤ እንዲህ እያለች በየዕለቱ በእጥፍ ትጨምር። 19 ቀን ሲሞላ በእጃችን የሚገኘው ገንዘብ 524,288 ሳንቲም፣ ይኸውም 5,242 ብር ከ88 ሳንቲም ይሆናል። ይህን ክምር ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ወይም ለአሥራ ስድስት ሰዎች እኩል ማካፈል ቀላል ነው። ነገር ግን ከክምሩ ላይ አንዲት ሳንቲም ብቻ ብናነሣ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። የቀረውን 524,287 ሳንቲም ለሁለት ቢያካፍሉት አንድ ይተርፋል፤ ለሦስት ቢያካፍሉት አንድ፤ ለአምስት ቢያካፍሉት ሁለት፤ ለሰባት ቢያካፍሉት ደግሞ አንድ ይተርፋል። አካፋዩ የቱን ያህል ቢደክም፣ ሳይተርፍና ሳይጎድል እኩል የሚደርሳቸው ተካፋዮች አያገኝም። ወይ አንድ ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ወይ 524,287 ሰዎች ተሰብስበው አንዳንድ ሳንቲም ይደርሳቸዋል፤ ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ መንገድ የለም።

ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን እንዲህ ያለውን ቁጥር የሒሳብ መምህራን ብቸኛ ቁጥር ይሉታል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 እያለ ይቀጥላል። ሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ ከነዚህ በመባዛት የተገኙ ናቸው። የጎንደር ግንብ በአንድ በአንድ ድንጋይ እንደ ተሠራ ሁሉ፣ 28 ከ2፣ ከ2ና ከ7፤ 30ም ከ2፣ ከ3ና ከ5 ብዜት ተሠርተዋል። ብቸኛ ቁጥር ግን ራሱ ድንጋዩ ስለ ሆነ ፈርሶ ሌላ ነገር አይወጣውም።

ከላይ ያየነው 524,287 ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጡት ፒየትሮ ካታልዲ የተባሉ የኢጣልያ ሊቅ ናቸው። ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1588፣ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበር። የሠሩበትም መንገድ ትዕግሥት እንጂ ተአምር አልነበረበትም። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ፣ ከሁለቱ አንደኛው ከቁጥሩ ካሬ ሥር ሊበልጥ አይችልም። የ524,287 ካሬ ሥር ከ724 ጥቂት ብቻ ስለሚያልፍ፣ ከዚያ በታች ያሉትን 128 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ አካፋይ አድርጎ መሞከር ይበቃል። አንዱም ሳይተርፍ አላካፈለውም። ነገሩም በዚህ ተረጋገጠ።

ከዚያ ወዲህ 436 ዓመታት አለፉ። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ሉክ ዱራንት የተባለ የ36 ዓመት አሜሪካዊ በዚሁ በሳንቲማችን መንገድ የሚገኝ ሌላ ብቸኛ ቁጥር ማግኘቱ ተገለጸ። የሱ ሳንቲም በእጥፍ የጨመረችው ግን 19 ጊዜ ሳይሆን 136,279,841 ጊዜ ነው፤ ከመጨረሻም አንድ ተቀንሷል። የተገኘው ቁጥር 41,024,320 አሃዞች አሉት። በተገለጸበት ጊዜ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ነበር። አንድ ሰው በየሴኮንዱ አንድ አሃዝ እየጠራ ቢያነበው፣ ሳይተኛና ሳይበላ 475 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ዱራንት ሥራውን የፈጸመው በ17 አገሮች በሚገኙ የኮምፒዩተር ማዕከሎች ነው፤ እሱም አባል የሆነበት የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 በጆርጅ ዎልትማን የተመሠረተ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ደግሞስ ለጎንደርና ለፀዳ ሰው ምን ያደርግለታል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከሚጠበቀው ይልቅ ለአገራችን ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ አስቀድመን የዚህን የቁጥር ወገን ታሪክ እንመልከት።

ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው የእስክንድርያው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ያህል በፊት አስረድተዋል። ሁለትን በራሱ እያባዙ ከመጨረሻ አንድ በመቀነስ የሚገኙት ደግሞ በማራን መርሴን ስም ይጠራሉ። መርሴን የፈረንሳይ መነኩሴ ነበሩ። ዐፄ ፋሲል በጎንደር በነገሡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1644፣ ሁለት እስከ 257 ጊዜ ቢባዛ ብቸኛ ቁጥር የሚገኝባቸው የትኞቹ እንደ ሆኑ ዘርዝረው አሳተሙ። ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። 11 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ፣ ሁለትን 11 ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስ የምናገኘው 2,047 የ23ና የ89 ብዜት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መመርመር ግድ ነው።

መርሴን 67ን በዝርዝራቸው ውስጥ አስገቡ፤ 61ን ግን ተዉት። ታላቅ ሊቅ ስለ ነበሩም ቃላቸው ለረጅም ዘመን ተከበረ። እ.ኤ.አ. በ1876 ግን ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ የ67ኛው ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን አሳዩ። በ1883 ደግሞ ኢቫን ፔርቩሺን የተባሉ የሩሲያ የገጠር ቄስ የ61ኛው፣ 19 አሃዞች ያሉት ቁጥር፣ ብቸኛ መሆኑን በእጃቸው አስልተው አረጋገጡ። በ1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል በኒው ዮርክ በተደረገ የሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ቀረቡ። ሁለትን 67 ጊዜ አባዝተው አንድ ቀነሱ፤ በሰሌዳው በሌላው ወገን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዙ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ኮል አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ጉባኤውም አጨበጨበላቸው ይባላል።

ይህ ታሪክ በተለይ ለእኛ፣ ገና ወደ ሥራ ለገባን ወጣቶች፣ ቁም ነገር አለው። በቢሮ ያለ ወረቀት በፊርማና በማኅተም ይጸናል። ቁጥርን ግን ፊርማም፣ ማኅተምም፣ የሊቅ ስምም ብቸኛ አያደርገውም። የገጠሩ ቄስ ስሌት ከስመ ጥሩው ሊቅ ቃል ይበልጥ ጸና፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ደግሞ ሊያሰላው ይችላልና።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። በባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን ለማውጣት የሚሠራው ሥራ፣ ትልቁን ቁጥር በትንሹ እያካፈሉ ድርሻውን ትቶ ቀሪውን ብቻ መያዝ ነው። መምህራኑ ይህን መግደፍ ይሉታል። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም.ን ስሌት እንውሰድ። በ2017 ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ በዐቢይ ቀመር፣ ይኸውም በ532፣ ሲገደፍ 14 ጊዜ ሄዶ 69 ይቀራል። 69 ከ76 ስለሚያንስ በ76 መግደፍ አያስፈልግም። በ19 ሲገደፍ ሦስት ጊዜ ሄዶ 12 ይቀራል፤ ይህ መደብ ነው። ከመደቡ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ 11ና 19 ሲደመሩ 30 ናቸውና።

ከዚህ ሁሉ መካከል ዋናው 19 ነው። 19 የፀሐይ ዓመታት 6,939 ቀን ከሩብ ጎደል ያህል፣ ይኸውም 6,939.75 ቀን ናቸው። 235 የጨረቃ ወራትም ሲቈጠሩ ከዚህ የሚያንሱት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በየ19 ዓመቱ ጨረቃና ፀሐይ ወደ ነበሩበት ይገናኛሉ። በሌላ በኩል የሳምንቱ ቀኖች ሰባት፣ የዘመነ ወንጌላውያን ዙር አራት ስለ ሆኑ፣ ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት ነው። አሁን እንጠይቅ፤ የ19ኙና የ28ቱ ዙር አንድ ቀን አብረው ቢነሡ መቼ ተመልሰው ይገናኛሉ? 19 ብቸኛ ቁጥር ስለ ሆነና በ28 ውስጥ ስለማይገኝ፣ ሁለቱ እስከ ሙሉ ብዜታቸው፣ እስከ 532 ዓመት፣ አይገናኙም። ዐቢይ ቀመር 532 የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። የጨረቃው ዙር 20 ቢሆን ኖሮ በ140 ዓመት፣ 21 ቢሆን ኖሮ በ84 ዓመት ብቻ ይገናኙ ነበር። ከነዚህ ይልቅ የሚያንሰው 19 ረጅሙን ዘመን የሰጠው ብቸኛ በመሆኑ ነው።

28ም ቢሆን ተራ ቁጥር አይደለም። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7ና 14 ሲደመሩ ራሱን 28ን ይሰጣሉ፤ የጥንት ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ፍጹም ቁጥር ብለውታል። ኤውክሊድም ከየመርሴን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር እንደሚወለድ አስረድተዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስ 7 ነው፤ 7 በ4 ሲባዛ 28 ነው። የዱራንት ቁጥርም በዚሁ ሥርዐት የራሱን ፍጹም ቁጥር ይወልዳል።

እንግዲህ ደፈር ብለን የጎንደሩን ዘዴ በዚያ 41 ሚሊዮን አሃዞች ባሉት ቁጥር ላይ እንሞክረው። ማንም ጽፎ ሊጨርሰው የማይችለውን ቁጥር በ19 ብንገድፈው ምን ይቀራል? ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ አንድ ብጣሽ ወረቀት ይበቃል። መንገዱን የሚያሳየን ፒየር ዴ ፌርማ ነው። ፌርማ በቱሉዝ ከተማ የፍርድ ሸንጎ አማካሪ ነበር፤ ሒሳብን የሚሠራው ከመንግሥት ሥራው በሚተርፈው ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፈው ደብዳቤ አንድ ሕግ ገለጸ። በ19 የማይካፈል ማንኛውም ቁጥር 18 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በ19 ቢገደፍ ሁልጊዜ 1 ይቀራል፤ ለሌላውም ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ሕጉ እንዲሁ ነው። ሁለት 18 ጊዜ ሲባዛ 262,144 ነው፤ 19ን በ13,797 ስናባዛ 262,143 ይሆናል፤ በእርግጥም አንድ ይቀራል። በ19 ፈንታ ብቸኛ ያልሆነውን 21ን ወስደን፣ ሁለትን 20 ጊዜ አባዝተን በ21 ብንገድፍ ግን የሚቀረው 4 ነው። ሕጉ የሚሠራው 19 ብቸኛ ስለ ሆነ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የ18 እጥፍ ጉዞ ወደ አንድ ይመልሰናል፤ ዐውደ አበቅቴ በየ19 ዓመቱ ወደ መነሻው እንደሚመለስ ማለት ነው። የዱራንትን 136,279,841 እጥፎች በ18 ብንገድፋቸው 5 ብቻ ይቀራሉ። ሁለት አምስት ጊዜ ሲባዛ 32 ነው፤ 32 በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ አንዱን ስንቀንስ 12። እነሆ፣ ያ ግዙፍ ቁጥር በ19 ሲገደፍ ቀሪው 12 ነው። የተገለጸበት የ2017 ዓ.ም. መደብም 12 ነበር። ይህ አጋጣሚ እንጂ ትንቢት አይደለም፤ ነገር ግን ሊታወስ የሚገባው አጋጣሚ ነው።

ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑ የተረጋገጠውም በዚሁ በመግደፍ ነው። ሉካ የጀመሩትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር አስተካከሉት። ከ4 ይነሣሉ፤ በራሱ ያባዙታል፤ ሁለት ይቀንሳሉ፤ በሚመረመረው ቁጥር ይገድፋሉ፤ እንደገናም ይደግሙታል። ከእጥፎቹ ብዛት በሁለት የሚያንስ ጊዜ ተደጋግሞ ቀሪው ባዶ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። ለምሳሌ ሁለት አምስት ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስ 31 ነው፤ ድግግሞሹም ሦስት ነው። 4 በ4 ተባዝቶ ሁለት ሲቀነስ 14። 14 በ14 ተባዝቶ ሁለት ሲቀነስ 194፤ በ31 ሲገደፍ 8። 8 በ8 ተባዝቶ ሁለት ሲቀነስ 62፤ በ31 ሲገደፍ ባዶ። ስለዚህ 31 ብቸኛ ነው። ካታልዲ 128 ጊዜ ያካፈሉለትን ቁጥር ይህ ዘዴ በ17 ድግግሞሽ ይፈታዋል። የዱራንት ቁጥር 136,279,839 ድግግሞሽ ይጠይቃል፤ ሥራው ለሰው የማይቻል የሆነው ብዛቱ እንጂ ዓይነቱ አይደለም።

ለምን ይጠቅማል ለሚለው፣ እውነቱን ለመናገር ይህ አንዱ ግዙፍ ቁጥር ራሱ ገበያ ላይ የሚያወጣው ጥቅም የለውም። ወገኖቹ ግን በዓለም ዙሪያ የምሥጢር ዘበኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት አንድ የምሥጢር ቁልፍ ፈለሰፉ። እያንዳንዳቸው ከ300 በላይ አሃዞች ያሉዋቸው ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች በምሥጢር ይያዛሉ፤ ብዜታቸው ብቻ ለሁሉ ይገለጻል። ማባዛቱ ለኮምፒዩተር የቅጽበት ሥራ ነው፤ ከብዜቱ ተነሥቶ ሁለቱን ፈልጎ ማግኘት ግን ከታወቁት ኮምፒዩተሮች ኃይል በላይ ነው። መልእክቱ የሚቆለፈውና የሚከፈተው፣ ቁጥርን በራሱ ደጋግሞ በማባዛትና በዚያ ብዜት በመግደፍ ነው፤ መክፈቻውም የዚያ የቱሉዙ ሹም ሕግ ዘር ነው። ገንዘብና የመንግሥት ጽሕፈት በኢንተርኔት በሚተላለፍበት በዚህ ዘመን፣ ቁልፉን ገዝቶ ከመጠቀም አልፎ አሠራሩን የሚያውቅ ዜጋ የሌለው አገር፣ የቤቱን መዝጊያ ሌላ ሰው እንደ ሠራለት ባለቤት ነው። መዝጊያው ጠንካራ ይሁን ደካማ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በጎንደር ሁለት የሒሳብ ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ነው። ሁለተኛው በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ዛሬም ከአዘዞ አልፎ በባሕር ዳር መንገድ እስከ ፀዳ ድረስ ግቢ ያለው ተቋም ነው። የጉባኤው ደቀ መዝሙር በ19 መግደፍን በቃሉ ያውቃል፤ 19ኙ ብቸኛ በመሆኑ ምን እንደሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የፌርማን ሕግ በማስረጃው ይማራል፤ አበቅቴ የዚሁ ትምህርት ቅርብ ዘመድ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም። አንደኛው መልሱን ይዞ ምክንያቱን ያጣል፤ ሁለተኛው ምክንያቱን ይዞ የገዛ አገሩን ምሳሌ ያጣል። ሁለቱም እንደዚህ እስከ ቀጠሉ ድረስ፣ አንዱ ትምህርት የትናንት፣ ሌላውም የባዕድ መስሎ ይቀራል።

ባዕዶቹ ግን አልናቁትም። የጥንት ሒሳብና ሥነ ፈለክ ታሪክ አዋቂ የነበሩት ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከራሳችንም ወገን ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. «ባሕረ ሐሳብ» የተባለውን መጽሐፍ አበርክተዋል። በሩ ተከፍቷል፤ የጎደለው የሚገባበት ሰው ነው። በፀዳና በአካባቢው የሚያስተምር የሒሳብ መምህር፣ ስለ ቀሪ ሲያስተምር ከውጭ መጽሐፍ ሰዓትና ካርታ ጨዋታ ከመጥቀስ ይልቅ የዓመቱን አበቅቴ በሰሌዳ ላይ ቢያወጣ፣ ተማሪው በቤቱ የሚሰማውን ስም በክፍል ውስጥ ያገኘዋል። ከዚያም 19ን በ21 ለውጦ ምን እንደሚበላሽ ቢያሳየው፣ ሕግና ማስረጃ ምን ማለት እንደ ሆነ ያን ቀን ይገባዋል። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ጠመኔና አንድ ፈቃደኛ መምህር ይበቃል።

ለዛሬው እሑድ አንድ ሥራ ለአንባቢ ትተን እንሰናበት። ሳንቲማችን በእጥፍ መጨመሯን አላቆመችም እንበል፤ 23 ቀን ሲሞላ ከክምሩ አንዷን ብናነሣ 8,388,607 ሳንቲም ይቀራል። ይህ ገንዘብ እኩል የሚካፈል ነው ወይስ ብቸኛ? ለፍለጋው እንዲረዳ አንድ ነገር እንጠቁም። 23 ብቸኛ ስለ ሆነ፣ የዚህ ቁጥር ማንኛውም አካፋይ፣ ካለ፣ በ23 ሲገደፍ 1 የሚቀረው መሆን አለበት። በዚህ ጥቆማ የተነሣ ሰው ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ መልሱን ያገኛል፤ ያገኘውንም ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱ አባዝቶ ሊያረጋግጠው ይችላል።